በነጻ የሚታይ ትርዒት ደጋሹ ማነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ሕዝብ ግንኙነት እንድናገር በጋበዙኝ ጊዜ፣ ርእሱ ከእኔ አቅም የሰፋ መሆኑን ገልጬ፣ በዚያ ፈንታ ስለ አንድ ቤትና ስለ አንድ ሰዓት ብቻ እናገር ዘንድ እንዲፈቀድልኝ ለምኜ ነበር። ፈቅደውልኛልና አመሰግናቸዋለሁ። ቤቱ በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሺንግተን፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የቆመው የጆን ኤፍ ኬኔዲ የኪነ ጥበባት ማዕከል ነው። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በዚያ ቤትና በዚያ ሰዓት፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 1997 ጀምሮ እስከ 2020 ድረስ፣ በዓመት 365 ቀን፣ ለመጣው ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ትርዒት ይቀርብ ነበር። መድረኩ «ሚሌኒየም ስቴጅ» ይባላል፤ የሺሁ ዘመን መድረክ እንደ ማለት ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥሁት ስለ ሩቅ ሀገር ተረት ለማውራት አይደለም። በዚህ ጉባኤ ፊት አንድ ረቂቅ ሐሳብ ቀርቧል። ረቂቁ በቴያትር ቤቶቻችን መግቢያ አዳራሾች ውስጥ ለሕዝብ በነጻ የሚታይ ሙዚቃና ትርዒት እንዲቀርብ ይጠይቃል። ሐሳቡን እኔም እደግፈዋለሁ። ይሁን እንጂ በረቂቁ ሦስተኛ ገጽ ላይ ያለች አንዲት ዐረፍተ ነገር እንቅልፍ ነሥታኛለች። እርስዋም «ባለሙያዎቹ በበጎ ፈቃድ ይሳተፋሉ» የምትለው ናት። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚያች ዐረፍተ ነገር የተሰጠ መልስ ነው ብላችሁ ብትወስዱት አልቃወምም።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። ከአንዳንዶቻችሁ ጋር በመድረክ ጀርባ ስንደክም ከኖርን በኋላ፣ ኑሮ ወስዶኝ ጥቂት ዓመታት በዋሺንግተን አሳልፌአለሁ። በዚያ ከተማና በአካባቢው ቁጥሩ እጅግ የበዛ የሀገራችን ሰው እንደሚኖር ታውቃላችሁ። እኔም እንደ ብዙዎቹ በመኪና ማቆሚያ ቤት ተቀጥሬ የሌሊት ሥራ እሠራ ነበር። የምሠራበት ቦታ ከማዕከሉ ሩቅ አልነበረም፤ ነገር ግን ያን ነጭ እብነ በረድ የለበሰ ሕንጻ ከዓመት በላይ ከውጭ ብቻ ሳየው ኖርሁ። የሙያዬ ቤት ነበር፤ ሆኖም የሚገቡትን ሰዎች ልብስ አይቼ፣ የትኬቱን ዋጋ ሰምቼ፣ እዚያ የሚያስገባኝ ጉዳይ እንደሌለ ወስኜ ነበር። የከለከለኝ ዘበኛ አልነበረም። ራሴን የከለከልሁት እኔው ነበርሁ።

በኋላ አንድ የሥራ ጓደኛዬ «በየቀኑ ማታ በነጻ ሙዚቃ አለ» ብሎ ነገረኝ። አላመንሁትም። የአንድ ቀን ዕረፍት ሳገኝ ግን፣ በጎረቤቴ ቤት የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ከሀገር ቤት የመጡ አንዲት እናት ከቤት መዋል ሰልችቷቸው ነበርና እርሳቸውን ይዤ ሄድሁ። ፎጊ ቦተም ከሚባለው የባቡር ጣቢያ የማዕከሉ አውቶቡስ ያለ ክፍያ ያመላልስ ነበር። ገብተን የዓለም መንግሥታት ሰንደቅ ዓላማዎች በተሰቀሉበት ረጅም መተላለፊያ ስናልፍ፣ እማማ አንገታቸውን ቀና አድርገው አረንጓዴ ቢጫ ቀያችንን ፈለጉና ባገኙት ጊዜ ቆመው እጅ ነሡ። ከዚያም ታላቁ መግቢያ አዳራሽ ደረስን።

ስለዚህ አዳራሽ ጥቂት ልበል። ርዝመቱ 192 ሜትር ያህል፣ ከፍታው 18 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዓለም ትልልቅ ክፍሎች አንዱ ነው። እብነ በረዱ የኢጣልያ፣ መስተዋቶቹ የቤልጅግ፣ ከጣራው የወረዱት የክሪስታል መብራቶች የስዊድን ሕዝብና መንግሥት ስጦታዎች ናቸው። ወለሉ ቀይ ምንጣፍ ለብሷል። የሙዚቃው አዳራሽ፣ የኦፔራው ቤትና የአይዘንሃወር ቴያትር በሮቻቸው ሁሉ ወደዚህ ይከፈታሉ። በዚያ ግርማ መካከል፣ በአዳራሹ ጫፍ፣ ዝቅ ያለ መድረክ ተዘጋጅቶ ወንበሮች ተደርድረዋል። ማንም «የት ትሄዳላችሁ» አላለንም። አንዲት ሴት የዕለቱን ዝግጅት የያዘ ወረቀት በሁለት እጅዋ ሰጠችን። ተቀመጥን። በሰዓቱም፣ አንዲት ደቂቃ ሳታልፍ፣ አራት ወጣቶች ባለ አውታር መሣሪያዎቻቸውን ይዘው ወጡና መጫወት ጀመሩ።

ሙዚቃው ካለቀ በኋላ እማማ ከወንበራቸው አልተነሡም።

«ልጄ፣ ማነው የጠራን?» አሉኝ።

«ማንም አልጠራንም እማማ። ለሁሉም ክፍት ነው» አልኋቸው።

«ድግስ ያለ ደጋሽ አይቆምም። ይህን ሁሉ ወንበር የዘረጋ፣ ይህን ሁሉ መብራት ያበራ አለ። ደጋሹን ሳናውቅና ሳንመርቅ ተነሥተን ልንሄድ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተለየኝም። በሙያው ያደግሁ ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ «በነጻ» የሚለው ቃል አፌን ዘግቶኝ፣ ከትርዒት ሁሉ ጀርባ ሊጠየቅ የሚገባውን የመጀመሪያ ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀርቼ ነበር። እስኪ ደጋሹን እንፈልገው።

የመጀመሪያው ደጋሽ መንግሥት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በፈረሙት ሕግ በዋና ከተማይቱ ብሔራዊ የባህል ማዕከል እንዲቋቋም ተወሰነ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከተገደሉ በኋላ፣ በ1964 ማዕከሉ ለእርሳቸው መታሰቢያ ሆኖ በስማቸው እንዲጠራ ሌላ ሕግ ወጣ፤ መንግሥትም ከግለሰቦች ከሚዋጣው ጋር አቻ የሚሆን ገንዘብ ለመስጠት ተስማማ። የሕንጻውን ንድፍ ኤድዋርድ ዱሬል ስቶን አወጡ። ቤቱ በሴፕቴምበር 8 ቀን 1971 ሌናርድ በርንስታይን ለዚሁ ብሎ በደረሰው «ማስ» በተባለው ሥራ ተመረቀ። ሕንጻው የሀገር መታሰቢያ ስለሆነ፣ ጥበቃውና ጥገናው ከመንግሥት በጀት ይሸፈናል። በመድረኮቹ ላይ የሚታየው ጥበብ ግን በዋናው የሚተዳደረው ከትኬት ሽያጭና ከበጎ አድራጊዎች ስጦታ ነው።

ይህ የሥራ ክፍፍል አንድ ችግር ወለደ። ሕዝቡ በግብሩ ቤቱን ይጠብቃል፤ ውስጡ የሚደረገውን ለማየት ግን ደግሞ ትኬት መግዛት አለበት። ኦፔራና ታላላቅ የሙዚቃ ጓዶች ብዙ ወጪ ስለሚጠይቁም የትኬቱ ዋጋ ከብዙ ሰው ኪስ በላይ ይሆናል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተትዋንም አላይ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ቤቱ የሁሉም ነው ተብሎ በሕግ ተጽፏል፤ ነገር ግን ወደ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የማዕከሉ የቦርድ ሊቀ መንበር የሆኑት ጄምስ ጆንሰን ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆን ዘንድ ያመነጩት ሐሳብ ነው በሚቀጥለው ዓመት ሚሌኒየም ስቴጅን ያስገኘው።

እዚህ ላይ የሙያ ዓይናችንን ከፍተን እናስተውል። ትልልቆቹን አዳራሾች በነጻ እንክፈት አላሉም፤ ያን ቢሉ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚደረግ ምጽዋት በሆነ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያልፍበትን መግቢያ አዳራሽ መረጡ። በዚህም የተነሣ ለኦፔራው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የመጣው ሰውና ከመኪና ማቆሚያው የመጣሁት እኔ፣ በአንድ የስዊድን መብራት ሥር፣ በአንድ ዓይነት ወንበር ላይ ተቀመጥን። ሰዓቱንም ከሥራ መውጫ በኋላ፣ ዋናዎቹ ትርዒቶች ከመጀመራቸው በፊት አደረጉት። አንድ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ዝግጅት ነውና፣ ሠራተኛው አይቶት ወደ ቤቱ ይደርሳል፤ ትኬት ያለውም አይቶት ወደ አዳራሹ ይገባል። ይህ የታሰበበት የመስተንግዶ ሥርዓት ነው።

ሁለተኛው ደጋሽ ዘላቂ ገንዘብ ነው። ለዚህ መድረክ የሚሆን የተለየ ገንዘብ ከግለሰቦችና ከድርጅቶች ተሰብስቦ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ኢንዳውመንት ይሉታል፤ ዋናው ሳይነካ ፍሬው ብቻ ለሥራው የሚውል ማለት ነው። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ሲቆም፣ ደብተራው ሌሊቱን ሙሉ በጸናጽልና በመቋሚያ ሲያሸበሽብ፣ በበሩ ላይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው አልነበረም። ሆኖም ደብተራው በነጻ አላገለገለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ ለአገልግሎቱ የሚሰጠው ሪም የሚባል መሬት ነበረው። ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነበር አልልም፤ መሬቱን ያረሰው ገበሬ የከፈለውን ዋጋ ታሪክ ያውቀዋል። የምለው፣ ዜማው ለሰሚው በነጻ የደረሰው ከፋዩ ሌላ ቦታ ስለነበረ ነው። አዝማሪውም እንዲሁ ነው። ገና ሲገባ ዋጋ አይጠይቅም፤ ሲጨርስ ግን ሽልማቱ ከግንባሩ ላይ ይለጠፋል። አባቶቻችን መግቢያን ነጻ ማድረግንና ባለሙያን በባዶ እጅ መስደድን ለይተው ያውቁ ነበር።

እኛ ግን አንዳንድ ጊዜ ረስተነዋል። በወጣትነቴ የነበርሁበት የሙዚቃና የቴያትር ቡድን አንድ ቀን ለአንድ መሥሪያ ቤት በዓል «ለሕዝብ በነጻ» እንዲጫወት ታዘዘ። ግቢው በሰው ተሞላ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ለክብር እንግዶቹ ግብር ተዘርግቶ ነበር፤ ለተጫዋቾቹ ግን ከምስጋና በቀር የታሰበ ነገር አልነበረም። መሸ፤ የሚያደርሰን መኪና አልመጣም። ያን ቀን እጅግ አምሮላት የዘፈነችው ጓደኛችን የመድረክ ጫማዋን በእጅዋ ይዛ ከእኛ ጋር በእግርዋ ወደ ቤትዋ ተጓዘች። በመንገድ ላይ «ዛሬ ሕዝቡ በነጻ አልሰማኝም፤ እኔ ከፍዬለታለሁ» አለች። ስትናገር ትስቅ ነበር፤ እኛ ግን ልንስቅ አልቻልንም። በዓመቱ ሙያውን ትታ ሌላ ሥራ ያዘች። ረቂቁ ላይ «በበጎ ፈቃድ» የሚለውን ቃል ባነበብሁ ቁጥር በዓይኔ የሚዞረው ያ በእጅ የተያዘ ጫማ ነው።

ሦስተኛው ደጋሽ ከገንዘብም ይበልጣል፤ እርሱም የማያቋርጥ ልማድ ነው። «በዓመት 365 ቀን» የሚለውን ቃል በቀላሉ አንለፈው። በፈረንጆች ገና ዕለት ሳይቀር በዚያ መድረክ ላይ የጃዝ ሙዚቀኞች ይጫወቱ ነበር። በዚያው ወር ቱባ የሚባለውን ታላቅ የነሐስ መሣሪያ የሚነፉ ሰዎች ተሰብስበው የበዓል ዜማ ያሰሙ ነበር። የብሔራዊው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አባላት በጥቂት በጥቂት ሆነው ይቀርቡ ነበር። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ በታላላቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ወጣቶች ተመርጠው የሚቀርቡበት ወቅት ተመደበ። ዳንስ፣ ቴያትር፣ ከልዩ ልዩ ሀገሮች የመጣ ባህላዊ ሙዚቃ ይፈራረቅ ነበር። ዝግጅቶቹም በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፉና ይቀመጡ ስለነበር፣ በሩቅ ያለ ሰውም ሊመለከታቸው ይችል ነበር።

የዚህ ሁሉ ውጤት ምን መሰላችሁ? እማማ ፕሮግራም አይጠይቁም ነበር። ከዚያች ቀን በኋላ፣ አጋጣሚ ባገኘን ጊዜ ሁሉ፣ «ዛሬ ምን አለ?» ሳይሉ «እንሂድ» ይሉኝ ነበር። ፀሐይ እንደምትጠልቅ ሁሉ፣ በ12 ሰዓት አንድ ነገር እንደሚኖር ያውቃሉና። በዚህም ምክንያት ፈልገው ሊሄዱለት የማይችሉትን ነገር አዩ። የሕንድ ዳንስ ምን እንደሆነ ሳያውቁ የሕንድ ዳንስ አዩ፤ ጃዝ የሚባለውን ስም ሳይሰሙ ጃዝ ሰሙ፤ ከበሮ መቺውንም «ይህስ የእኛ ደብር ሰው ይመስላል» ብለው ወደዱት። ሰው የሚያውቀውን ይመርጣል። የማያውቀውን እንዲወድ ግን ሳይመርጥ የሚቀመጥበት ወንበር ያስፈልገዋል።

ይህንንም የምለው በነጻ መሆኑ ብቻውን ሁሉን ያደርጋል ለማለት አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው የሚያስረዳ አንድ ታላቅ ምሳሌ አለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደ ተጀመረ፣ የለንደን የሙዚቃ አዳራሾች በተዘጉ ጊዜ፣ ማይራ ሄስ የተባለች ዝነኛ ፒያኒስት በብሔራዊው የሥዕል ቤተ መዘክር ውስጥ የምሳ ሰዓት ሙዚቃ አስጀመረች። ሥዕሎቹ ከቦምብ ለማዳን ተነሥተው ስለነበር ግድግዳው ባዶ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 10 ቀን 1939 እስከ ኤፕሪል 10 ቀን 1946፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በጠቅላላው 1,698 ዝግጅቶች ቀረቡ፤ ከ824,000 በላይ ሰው ሰማቸው። ከተማይቱ በቦምብ ስትደበደብ ወደ ምድር ቤት ወረዱ እንጂ አልተቋረጡም። መግቢያው በነጻ አልነበረም፤ አንድ ሺሊንግ ነበር። ሙዚቀኞቹም ይከፈላቸው ነበር፤ የተረፈውም ለተቸገሩ ሙዚቀኞች መርጃ ይውል ነበር። እንግዲህ ለንደን ከዋሺንግተን ጋር የሚጋሩት የበሩን ዋጋ አይደለም። የሚጋሩት አለመቋረጥን ነው። የለንደን ሰው ቤቱ ሊፈርስ እንደሚችል እያወቀ፣ ሙዚቃው ነገም በሰዓቱ እንደሚኖር ግን ያምን ነበር።

ልማዱ ሲቋረጥ ምን እንደሚጠፋም አይተናል። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ማዕከሉ ተዘጋ። በኋላ ሲከፈት በነጻ የሚታየው ዝግጅት ተመለሰ፤ ነገር ግን በየቀኑ መሆኑ ቀረና በሳምንት ጥቂት ቀናት ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ፣ በተለይም ከ2025 ጀምሮ፣ በማዕከሉ አስተዳደር ላይ ስለ ደረሰው ለውጥና ክርክር መናገር የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። እኔ የምመለከተው ያችን ትንሽ የምትመስል ለውጥ ነው። ከሰባት ቀን ወደ ጥቂት ቀን ሲወርድ የቀነሰው የቀን ቁጥር ብቻ አይደለም። «እንሂድ» የሚለው ቃል «ዛሬ አለ ወይ?» ወደሚል ጥያቄ ተለወጠ። ጥያቄውን ለመጠየቅ ደግሞ የት እንደሚጠየቅ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚያውቀው ቀድሞም የሚመጣው ሰው ነው። እንደ እማማ ያለው፣ ቋንቋውን የማያውቀውና መረጃ መፈለግ የማይሆንለት ሰው፣ ማንም ሳያባርረው ከበሩ ይርቃል። በሩ በነጻ ነበር፤ ለእርሱ ግን ተዘግቶ ነበር።

አሁን የባልደረቦቼን ሁለት ተቃውሞዎች ላንሣ። የመጀመሪያው «በነጻ የተሰጠ ነገር ይናቃል» የሚል ነው። እውነት አለው። በዚያ አዳራሽም ጉድለት አይቻለሁ። ጎብኚዎች እያወሩ ያልፋሉ፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ ሰው በመካከል ተነሥቶ ይሄዳል። 365ቱ ምሽት ሁሉ ድንቅ ነበር ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ማሳ ሁሉ እኩል አያፈራም። ነገር ግን ንቀትን የሚያመጣው የዋጋ መቅረት ሳይሆን የአዘጋጁ ቸልተኝነት መሆኑን እዚያ ተምሬአለሁ። ትርዒቱ በደቂቃው ተጀመረ፤ ድምፁ በባለሙያ ተስተካከለ፤ ወረቀቱ በሁለት እጅ ተሰጠ። ተመልካቹ የተከበረ መሆኑን ሲያውቅ ራሱም ያከብራል። ደግሞም ሳይከፍል የመጣ ሰው ካልጣመው ይሄዳልና፣ እርሱን ይዞ ማቆየት ለተጫዋቹ ትልቅ ፈተናና ትምህርት ቤት ነው።

ሁለተኛው «ገዢያችንን ይወስድብናል» የሚል ነው። በበኩሌ ይህ ስጋት የሚደርሰው ነጻው ትርዒት የሚከፈልበትን ትርዒት ሲተካ ይመስለኛል። አንድ ሰዓት የሚፈጅ የመግቢያ አዳራሽ ሙዚቃ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ቴያትርን አይተካም። በአንጻሩ ወደ ቴያትር ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው፣ ደረጃውን አንድ ጊዜ ከወጣ፣ ሁለተኛውን ጊዜ አይፈራም። እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ገንዘብ ባጠራቀምሁ ጊዜ የመጀመሪያውን ትኬት የገዛሁት በዚያው ቤት ነው። እዚያ ለመቀመጥ የሚያበቃ መብት እንዳለኝ አስቀድሞ ያስተማረኝ የ12 ሰዓቱ ወንበር ነበር።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤ እኛ ከባዶ የምንጀምር ሰዎች አይደለንም። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ ጠላት በደጅ በቆመበት ወራት፣ ጥበብን ለሕዝብ መቀስቀሻ አድርጎ ተነሥቷል። በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው የዛሬው ብሔራዊ ቴያትርም ሰፊ መግቢያ ያለው፣ የሕዝብ የሆነ ቤት ነው። ቤቱም ሰዉም አለ። ስለዚህ ረቂቁ ይጽደቅ እላለሁ፤ ነገር ግን በአራት ነገሮች ይታረም።

በመጀመሪያ፣ «በበጎ ፈቃድ» የሚለው ይሰረዝና «ተገቢው አበል አስቀድሞ ተመድቦ» በሚለው ይተካ። አበሉ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ግን ይኑር። ሁለተኛ፣ በየቀኑ ማድረግ ካልቻልን በየቀኑ ብለን አንጀምር። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ዝናብ ቢዘንብ፣ በዓል ቢውል፣ አሥር ሰው ብቻ ቢመጣም የማይታጠፍ ይሁን። የታመነ አንድ ቀን ከሚያጠራጥሩ ሰባት ቀኖች ይበልጣል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዲሉ፣ ከአንዱ ቀን ሁለተኛው ይወለዳል። ሦስተኛ፣ በበሩ ላይ የሚቆመው ሰው «ወዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሳይሆን «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ይሁን። አራተኛ፣ ማኅበሩ ለዚሁ ብቻ የሚውል፣ ዋናው የማይነካ ገንዘብ ያቋቁም። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ያለነው ብንጀምረው፣ ሌላው ይከተለናል።

እማማ የልጅ ልጆቻቸው ካደጉ በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። ከመሄዳቸው በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ወደዚያ መድረክ ወሰድኋቸው። ትርዒቱ ሲያልቅ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ቆዩና፣ ደጋሹ አሁንም እንዳልታወቀ ሲረዱ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ባዶውን መድረክ መረቁት። «ማንም ሁን፣ ቤትህ አይጉደል» አሉ። ድምፅ አስተካካዩ ገመዱን እየጠቀለለ ነበር። ቃሉ ባይገባውም ምርቃት መሆኑን ዐውቆ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ረቂቃችን እንደ ታረመ ከጸደቀ፣ አንድ ቀን እንደ እርሳቸው ያሉ እናት ከመግቢያ አዳራሻችን ተቀምጠው «ማነው የጠራን?» ብለው የጠየቁ እንደሆነ፣ የሚመልስላቸው ሰው አይጠፋም። እኛ ነን የጠራንዎ፤ የተጫወተውም ልጅ ዋጋውን አግኝቷል፤ በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ቀን፣ በዚሁ ሰዓት ይምጡ እንላቸዋለን።